ጋሽ ዜሮና ስድስቱ ርካሽ ሞተሮች

በምድር ላይ ያለ ማኅበር ሁሉ፣ የቼዝ ተጫዋቾችም ይሁን የርግብ አርቢዎች፣ የመዘምራንም ይሁን የጡረተኞች፣ አንድ የማይቀርለት ሰው አለው፦ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ «ሰው ለምን አይመጣም?» እያለ የሚያነባ። ማኅበሩ የሞተ ዕለት መቃብሩ ላይ ንግግር የሚያደርገውም ይኸው ሰው ነው። ንግግሩ ረጅም ነው። ጥፋቱ ሁልጊዜ የዘመኑ ልጆች ነው።

የትሪያል ሞተረኞች ማኅበርም የራሱን አላጣም፦ ክቡር ሊቀመንበር፣ ዋና ዳኛ፣ የመተዳደሪያ ደንቡ አርቃቂ፣ ተርጓሚና ብቸኛ አንባቢ፣ ጋሽ ዜሮ!

ትሪያል ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ሞተሩ መቀመጫ የለውም፣ ቆሞ ነው የሚነዳ። ጉዳዩ ፍጥነት አይደለም። ከሰው እርምጃ በማይበልጥ ዝግታ፣ በሁለት ሪባን መካከል፣ ድንጋይና ጉቶ ላይ ወጥቶ መውረድ ነው፤ እግር መሬት ሳይነካ። እግር የነካ አንድ ነጥብ ይቆጠርበታል። የወደቀ፣ ሞተሩ የቆመበት ወይም ጎማው ከሪባኑ የወጣ አምስት። የሚያሸንፈው ትንሽ ነጥብ ያለበት ስለሆነ ዜሮ ማለት ፍጹምነት ነው። ክቡርነታቸው በወጣትነታቸው አንድ ሙሉ ውድድር በዜሮ ጨርሰዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ የወለዷቸው እናታቸው እንኳ በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም ይባላል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። እንጀራዋ ፋርማሲ ነው፤ መከራዋ ቃለ ጉባኤ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋለች፦ «ወጣቶችን በመሳብ ጉዳይ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።» ጋሽ ዜሮ በየሳምንቱ የጉልበት ቅባት ሊገዙ ፋርማሲዋ ይመጣሉ፤ ሰልፍ ላይ ቆመውም ይዳኛሉ። አንዲት ደንበኛ ቦርሳዋን ከጣለች «አንድ!» ይላሉ። የመድኃኒት ካርቶን ተሸክሞ የገባ ሰው ደፉ ላይ ከተደናቀፈ «አምስት!» ይላሉ፣ ሰውየው ገና መሬት ሳይደርስ። አንዴ ጸሐፊዋ ራሷ ኪኒን ስትቆጥር አንድ ፍሬ አምልጧት ተንከባለለ። ጋሽ ዜሮ አንድ ጣታቸውን ብቻ አነሱ። ያቺን ጣት እስከ ዛሬ በሕልሟ ታያታለች።

አዲስ ሰው ሲመጣ የሚያደርጉለት አቀባበል ለብቻው ታሪክ ነው። አንድ የጥርስ ሐኪም በጣም ውድ የሆነውን ሞተር ገዝቶ፣ አዲስ ቦቲ ተጫምቶ፣ ፊቱ በደስታ አብርቶ መጣ። ጋሽ ዜሮ ሞተሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና በትሕትና ጠየቁ፦

«ግሩም ነው። ለማን ነው የገዛኸው?»

«ለራሴ ነዋ ጋሼ።»

«አሃ!» አሉ። ሐኪሙም ያን «አሃ» ይዞ ሄዶ ቀረ።

ትንሽ ለሚጸና ደግሞ ካርዱ አለለት። በጋሽ ዜሮ ሕግ አዲስ አባል ሞተር ከመንካቱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ የዳኛ ካርድ ይዞ ሪባኑ ዳር ቆሞ የሌላውን ነጥብ ይጽፋል። «ዓይን ይቅደም፣ እጅ ይደርሳል» ይላሉ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሰባት ወር ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ በስምንተኛው ዓሣ ማጥመድ ጀመረ። እዚያ ቢያንስ ቁጭ ይባላል።

እንዲህ እያልን ወደ ደብዳቤው ደረስን። የመጣው ከመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ማኅበሩ የሚለማመድበትን የተተወ የድንጋይ ማውጫ አንድ ብሎኬት አምራች ጠይቋል። ማኅበሩ ቦታውን ሲረከብ በራሱ ደንብ የሚቆጠሩ አሥራ ሁለት ነጂዎች ሊኖሩት ተዋውሏል። ከሦስት ወር በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ሠራተኛ መጥቶ ይቆጥራል። አንድ ከጎደለ ቦታው የብሎኬት ነው።

ጸሐፊዋ ቆጠረች፤ ሰባት። ሰባቱም ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ወገባቸውን የሚያሹ። ጋሽ ዜሮ ራሳቸው አይቆጠሩም። ያ ከባድ ሞተራቸው ከተሰበረ አራት ዓመቱ ነው፣ ዕቃውን የሚሠራ ፋብሪካ የለም፤ ሳሎናቸው ውስጥ ነጭ አንሶላ ለብሶ እንደ አስከሬን ቆሟል። ደንቡ ደግሞ ደንብ ነው፦ ነጂ ማለት የጀማሪዎችን መሰናክል ሳይወድቅ፣ ሳይቆም፣ ከሪባን ሳይወጣ በዓመቱ ውስጥ የጨረሰ ነው፤ ሙከራውም በወር አንዴ ብቻ። ይህን አንቀጽ ያረቀቁት ማን እንደሆኑ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ማኅበሩ አርባ ነጂ በነበረው ዘመን፣ «ተራው ሰው እንዳይገባብን» ብለው ነው።

መካኒኩ ባይኖር ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሱ ከሰባቱ ታናሽ ነው፣ የጥገና ጋራዥ አለው። ስድስት ትንንሽ የትሪያል ሞተሮች አስመጣ፦ ቀላል፣ በአየር የሚቀዘቅዙ፣ የውዱን ሞተር ዋጋ ሲሶ የማይሞሉ። አንዷን ስብሰባው አዳራሽ ድረስ እየገፋ አስገባት።

«ጋሼ፣ ሰው የሚቀረው ድንጋይ ፈርቶ አይደለም። መግዣ ስለሌለው ነው።»

ጋሽ ዜሮ ሞተሯን ሦስት ጊዜ ዞሯት። በጫማቸው ጫፍ ጎማዋን ነካ አደረጓት። «ይቺ ሞተር ናት የአትክልት ውሃ መሳቢያ?»

«ውሃ መሳቢያም ትሁን። ሰው ትሳብልን።»

«ርካሽ ሞተር ርካሽ ሰው ያመጣል!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት።

«ውዱ ያመጣውንማ አየነው» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል እየጻፈች። «ጥርስ ሲነቅል ይውላል።»

ሰባቱም ሳቁ። ክቡርነታቸው በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ፤ ተቃውሟቸውም በቃለ ጉባኤው ሁለት ገጽ ተኩል ሆኖ ተመዘገበላቸው።

ማስታወቂያው ተለጠፈ፦ «መቀመጫ የሌለው ሞተር! መጥታችሁ ሞክሩ! በነጻ!» እሑድ ጠዋት ሠላሳ አራት ሰው ድንጋይ ማውጫው ውስጥ ቆሞ ተገኘ። ሊቃውንቱ በየመጽሔቱ «ርካሽ ሞተር አዲስ ሰው ያመጣ ይሆን?» እያሉ ሲከራከሩ ይኖራሉ። ያመጣል፣ ጌቶቼ! በአንድ ጠዋት ሠላሳ አራት! ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የመጣውንስ ማን ያባርረዋል? መልሱ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ፣ ወረቀት ይዞ፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነበር።

ንግግሩ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ፈጀ። ስለ ማኅበሩ አመሠራረት ሲተርኩ ስምንት ሰው ሄደ። ስለ ደንቡ አንቀጾች ሲያብራሩ ሰባት። ከዚያ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው «ትሪያል ማለት ይህ ነው» ብለው የጉልበታቸውን ጠባሳ ሲያሳዩ ዐሥራ አምስት ሰው በአንድ ላይ ሄደ፤ አንዲት እናት የልጇን ዓይን ሸፍና። በመጨረሻ ካርድ ማደል ሲጀምሩ የቀሩት አራት ነበሩ። ከአራቱ አንዷ፣ ቀጠን ያለች ልብስ ሰፊ፣ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አንቺ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ያን ድንጋይ መውጣት።»

«ለምን?»

«ጋሼ፣ እኔ ከጠዋት እስከ ማታ መኪና ላይ ተቀምጬ ነው የምሰፋው። ይኼኛው መቀመጫ የለውም ተባለ፤ መጣሁ።»

ጋሽ ዜሮ ካርድ ሰጧት። በጸሐፊዋ ልመና፣ በሰባቱም ኩርፊያ ተገደው የካርዱን ዓመት ወደ አምስት እሑድ አወረዱት። አምስቱንም እሑድ ግን ልብስ ሰፊዋን እንደ ምሰሶ ተከሉዋት። «ነጂውን ምን ታያለሽ? ጎማውን እይ!» «ባልሽ ነው ፊቱን የምታይው? ጎማውን!» እሷም ጥርሷን ነክሳ ጎማ አየች። በሥራ ቀን ደግሞ መካኒኩ አራቱንም ጋራዡ ጓሮ ውስጥ፣ በአሮጌ ጎማና በእንጨት ላይ፣ በስውር ያለማምዳቸው ነበር። በሦስተኛው ወር አራቱም የጀማሪዎችን መሰናክል አለፉ። ጋሽ ዜሮ ካርዳቸው ላይ ሲፈርሙ ብዕሩ እሾህ ያለበት ይመስል ነበር።

ሰባትና አራት፣ አሥራ አንድ።

ቆጠራው እሑድ ጠዋት ነው። ሠራተኛው ጸጥ ያለ፣ ክፉ የማይመስል፣ ወደ ቤቱ መመለስ የናፈቀ ሰው ነበር። ማኅደሩን መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ጸሐፊዋ ጋሽ ዜሮን ወደ ጎን ሳበቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል። እርስዎ ይንዱ።»

«በምኑ?»

በአገጯ ወደ ትንሿ ሞተር አመለከተች።

«በዚች? እኔ? ሰው ያየኛል!»

«ማን ነው የሚያይዎት? ያለነው እኮ ይኸው ነን! ሰዉን ሁሉ ማን አባሮት?»

ይህን ያህል ጮኻባቸው አታውቅም። ጋሽ ዜሮ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አቧራውን አራገፉ፣ መልሰው አደረጉት፣ ደግመው አወለቁት። ከዚያ ለጸሐፊዋ ሰጧትና ሄደው ሞተሯ ላይ ወጡ።

እውነቱን ለመናገር እሷም ስለ ዜሮው ውድድር አምና አታውቅም ነበር፤ የሽማግሌ ወሬ ነው ብላ ነበር። አሁን አየች። ያ ፋርማሲዋ ውስጥ ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ የሚደገፍ ሰው፣ ሞተሯ ላይ ሲቆም ጉልበቱ የሌላ ሰው ሆነ። ወደ መጀመሪያው ድንጋይ ሲወጡ ድምፅ የለም፣ ጥድፊያ የለም፤ ድንጋዩ ራሱ ጎንበስ ብሎ ያሳለፋቸው መሰለ። ጉቶውን አለፉ። ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ይዘው፣ የፊት ጎማዋን አንስተው እንደ ሻይ ማንኪያ አዞሯት። መካኒኩ አፉን ከፈተ። አራቱ አዲሶች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሠራተኛው እንኳ ከማኅደሩ ቀና አለ።

የቀረው የመጨረሻው ድንጋይ ብቻ ነው። ከጎኑ ካርድ ይዛ የቆመችው ዳኛ ልብስ ሰፊዋ ናት። ጋሽ ዜሮ ነዳጅ ሰጡ፤ የሰጡት ግን አራት ዓመት አንሶላ ለለበሰው ለዚያ ለከባዱ ሞተራቸው የሚበቃውን ነው። ትንሿ ሞተር ቀላል ናት። ዘለለች። የፊት ጎማዋ ከሪባኑ አንድ ስንዝር ወጥቶ አረፈና ተመለሰ። ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ምንም አይታይም።

«አለፉ! ዜሮ!» ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ።

ጭብጨባ ሆነ። ሠራተኛው አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ። ጋሽ ዜሮ ሞተሯን አጠፉ።

«ማነው ዜሮ ያለው?»

«እኔ ነኛ ጋሼ። ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ አለፉ።»

«ጎማው የት ነበር?»

ዓይኗ ወደ ሠራተኛው ሄዶ ተመለሰ። «ጋሼ፣ በናትዎ...»

«አምስት እሑድ ያቆምኩሽ ለዚህ ነው? ጎማው የት ነበር?»

«...ውጪ።»

«ስንት ነው?»

«አምስት» አለች፤ እንባዋ ካርዱ ላይ ጠብ አለ።

«ጻፊ።»

ሠራተኛው ወደ እሳቸው ተጠጋ። «አባት፣ እኔ እኮ አላየሁም። ደግሞስ ድጋሚ መሞከር አይቻልም? እጠብቃለሁ።»

«በወር አንዴ ነው» አሉት ጋሽ ዜሮ። «ደንቡ እጅህ ላይ ነው፣ አንብበው።»

ሰውየው አነበበው። አሥራ ሁለቱን ሰርዞ አሥራ አንድ ጻፈ። መካኒኩ የራስ ቁሩን አንስቶ መሬት ላይ ወረወረው።

ጸሐፊዋ የምትፈርመው ቅጽ ተሰጣት። መጨረሻው ላይ ጠባብ ሣጥን አለ፦ «ውሉ የተቋረጠበት ምክንያት።» አሥራ አንድ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ሣጥን! እስክሪብቶዋን ከፈተች። የጥርስ ሐኪሙ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሠላሳዎቹ፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ መጡ። ከኋላዋ ሁለት ድምፅ ይሰማታል።

«ሜዳውን እኮ አጠፉብን ጋሼ።»

«አውቃለሁ።» ማንም ከአፋቸው ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ «ግን ጎማውን አየሽ። ደህና ዳኛ ነሽ» አሉ። ወደ ትንሿ ሞተር ዞሩ። «ይቺ ሞተር... ቀላል ናት። ድንጋዩ ላይ ስትወጪባት ነዳጁን እንዴት ነው የምትሰጪው? አሳይኝ እስቲ።»

ልብስ ሰፊዋ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠራርጋ ወደ መሪው ጎንበስ አለች። «እንዲህ፣ በጣት ጫፍ ብቻ። አይ! በዛ። እንደገና።» ክቡርነታቸው እንደገና አደረጉት።

ጸሐፊዋ ሣጥኑ ውስጥ «አንድ ነጂ ጎደለ» ብላ ጻፈች። ፈርማ ሳትጨርስ ጋሽ ዜሮ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሰው ያነቡ ነበር።

«ይኼማ ምክንያት አይደለም። እኔ ነኝ። ስሜን ጻፊ።»

«አልጽፍም።»

«ጸሐፊ ነሽ፣ እውነቱን ጻፊ! ስሜን!»

እስክሪብቶዋን ከደነች። ባርኔጣቸውን ከብብቷ አውጥታ ጭንቅላታቸው ላይ አደረገችላቸው፤ ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር፣ አቃናችው።

«ሣጥኑ ጠባብ ነው ጋሼ» አለቻቸው። «ለእርስዎ አይበቃም።»