ለሐዘንተኛ የሚሆን ግራፊክስ ካርድ

ባሏ የሞተባት ሴት ምን ምን እንድትገዛ እንደሚፈቀድላት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ጊዜው ነበረኝ። ጥቁር ቀሚስ ይፈቀዳል። ሻማና ጧፍ ይፈቀዳል። ለአርባው የሚሆን ምስር፣ በርበሬና ዘይት ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ሳትገዛ ብትቀር ትወቀሳለች። ጫማ ጥቁር ከሆነና ተረከዙ ካልጮኸ ያልፋል። ሽቶ አያልፍም። አዲስ መጋረጃ ከሰቀለች ደግሞ «ማንን ልታስገባበት ነው?» የሚል አይጠፋም። ይህ ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ግን ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ይዞታል። እኔም በሌሎች ሴቶች ላይ ሳስፈጽመው ስለኖርኩ ንጹሕ ነኝ አልልም። በዝርዝሩ ውስጥ ግን ስለ ግራፊክስ ካርድ የሚል ነገር የለም። ይፈቀዳል አይልም፤ አይፈቀድም አይልም። በዚያች ክፍተት ሾልኬ ገባሁ።

ግራፊክስ ካርድ ማለት ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ የምታዩትን ሥዕል የሚሠራ ክፍል ነው። ደብዳቤ ብቻ የሚጽፍ ሰው መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ጌም የሚጫወት ሰው ግን ያለ እሱ የትም አይደርስም። ባለቤቴ ወልዴ ደግሞ ጌም የሚጫወት ሰው ነበር። ስልሳውን አልፎ። አትሳቁ።

ወልዴ ሽሮ ሜዳ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሸማ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የሸማኔ ሥራ እንዲህ ነው፦ እግር ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ እጅ መወርወሪያ ይወረውራል፣ ሰውየው ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። እሱ ይሠራል፣ እኔ ከፊት ለፊት ባለችው ሱቃችን እሸጣለሁ። ጉልበቱ እምቢ ሲለው መወርወሪያውን ሰቀለና ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛ፤ ከዚያም ከባድ መኪና መንዳት ጀመረ። በጌም ማለቴ ነው። ጭነት ይጭናል፣ ተጎታች ያስከትላል፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ በማንጠራቸው ከተሞች መካከል ይመላለሳል። ወንበሬን ከቀኙ አድርጌ እኔ ረዳቱ ሆንኩ። «ረዳት፣ በቀኝ ያሳልፈኛል?» ይለኛል። «ና... ና... ና... በቃ!» እለዋለሁ፤ ያኔውኑ ፍሬን ይይዛል። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ምክሬን እንደዚያ የሰማበት ሌላ ቦታ አላስታውስም።

ወልዴ ከሞተ በሦስተኛው ሳምንት ለቅሶ ደራሹ ጋብ ሲል ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እጄ ሄደ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ መስመር ሠራ። የሽሮ ሜዳ ሰው ነኝና ለአንድ አፍታ ጥለቱን አደነቅኩ። ከዚያ ድርግም አለ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «ይሄ ካርድ ደክሟል፣ መቀየር አለበት» ይል ነበር። ካርዱ ከባለቤቱ በኋላ የቆየው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

አሁን እትዬ አልማዝ ትመጣለች። የወልዴ ታላቅ እህት ናት፤ ደግ ናት፣ ግን ደግነቷን በትእዛዝ ነው የምታከናውነው። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ በአርባው ለነዳያን ይሰጣል። እሷም አርባው አንድ ሳምንት ሲቀረው መጥታ፣ ዘመድ በተቀመጠበት መለየት ጀመረች።

«ልብሱ፣ ጫማው፣ ያ ኮምፒውተሩም» አለች።

«ኮምፒውተር ልብስ አይደለም፣ እትዬ።»

«የእሱ አይደል?»

«የእኛ ነው።»

«ይሠራል?»

የጨለመውን ስክሪን በነጠላዬ ጠረግኩት።

«የማይሠራ እቃ ታቅፈሽ ልትቀመጪ ነው? ለሰንበት ትምህርት ቤቱ እንስጠው። እነሱ ያሠሩታል፤ ለነፍሱም ይሆናል።»

«ከሠራስ?»

«ቢሠራ አንቺ ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ልነዳበት» አልኳት።

ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ አልማዝ ሐዘን ራሱ ላይ እንደወጣበት ሰው አየችኝና፣ «በይ እሺ፣ እስከ አርባው ከሠራ ይቀመጥልሽ፤ ካልሠራ ግን ይሄዳል» አለች። በማግስቱ ጥቁር ቀሚሴን እንደለበስኩ አራት ኪሎ ወረድኩ።

አንድ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር እቃ የምትሸጥ ራሔል የምትባል ልጅ አለች። ጥቁሬን አይታ ከወንበሯ ተነሣች።

«ማዘር፣ ለልጅዎ ነው?»

«ለእኔ ነው።»

«እሺ... ለቢሮ ሥራ?»

«ለጌም ነው። ከባድ መኪና የሚነዳበት። ረከስ ያለ ስጪኝ፣ ግን የማያሳፍር።»

ልጅቷን አመሰግናታለሁ፤ አልሳቀችም። ሦስት ካርዶች ደረደረችልኝ። የመጀመሪያው ያገለገለ ነው፣ ከሁሉም ኃይለኛ፣ ዋጋውም ደህና። «ብዙም አልሠራችም» አለችኝ። እኔ ደግሞ በሙያዬ ያገለገለ ነገር አውቃለሁ። አሮጌ ጋቢ አጥበው፣ በደንብ አድርገው አጥፈው፣ አዲስ ነው ብለው ሊሸጡልኝ የመጡትን ስንቱን መልሻለሁ! መሐሉን አይታችሁ አትፈርዱም፤ ዳሩን ነው የምታዩት፣ ከዚያም ታሸታላችሁ። ካርዱን ወደ መስኮቱ ወስጄ ገለበጥኩት። ፊቱ ያበራል፤ ከማራገቢያዎቹ ሥር ግን አቧራው ከቅባት ጋር ተጣብቆ ጠቁሯል፤ የብሎኖቹ ጭንቅላት ተበልቷል። አሸተትኩት። የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

«ልጄ፣ ይሄ ታጥቦ ነው እንጂ ብዙ ሠርቷል።»

«እ... ማለቴ...» ብላ ሳቀች። «ማይኒንግ ላይ ነበረች። የኢንተርኔት ገንዘብ ሲያመርቱባት ቀን ከሌት ሳትጠፋ ነው የኖረችው። እንዴት አወቁ?»

ያለ ዕረፍት የሠራ አካል ምን እንደሚመስል ቤቴ ውስጥ አይቻለሁ፤ አልነገርኳትም።

የቀሩት ሁለቱ አዲስ ናቸው። አንዷ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ ረዘም ያለች፣ ጎበዝ። ሌላዋ ባለ አንድ ማራገቢያ፣ አጭር፣ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ የማትጠይቅ፣ አቅሟም እንደ ቁመቷ። ራሔል «ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ቦታ ለክተዋል?» አለችኝ።

«ስንዝር ከአራት ጣት» አልኳት በኩራት።

«በሴንቲ ሜትር ማዘር?»

«እጄን ለኪዋ! እጄ ተሳስቶ አያውቅም።»

እጄን በማስመሪያ ለካች። ረጅሟ ካርድ ልክክ ትላለች። ገዛሁና ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ፣ ወልዴ ሲያጸዳው እንዳየሁት የሣጥኑን ጎን ፈትቼ ካርዷን ባስጠጋት አልገባ አለች። በሁለት ጣት ትበልጣለች። ደግሜ ለካሁ። ያኔ ገባኝ። ሸማ ሲለካ የኖረው እጄ በመጨረሻው ላይ ሁለት ጣት መመረቅ ለምዷል፤ ለደንበኛ ነው፤ ሳላስበው ነው የማደርገው። ኮምፒውተሩንም እንደ ደንበኛ ቆጥሬ ያልነበረውን ሁለት ጣት መርቄለታለሁ። ጨርቅ ሲመረቅለት ደስ ይለዋል። ብረት ግን ምርቃት አያውቅም።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ድምፄን ሰምታ መጣች፤ «አይዞሽ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለችኝ። ሁለት ጣት ጎደለኝ ብዬ እንዴት ላስረዳት? ደግሞስ ሁለት ጣት ብቻ ቢሆን ያን ያህል ይለቀሳል?

በማግስቱ ልኩን ለእጄ አልተውኩም። ሣጥኑን እንዳለ በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ ሚኒባስ ገባሁ። ሐዘንተኛ ነኝና ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጥቅሉን ቢያዩት ቢያዩት አልገባቸውም።

«እሱ ምንድን ነው፣ እቴ?»

«ከባድ መኪና ነው፣ አባቴ።»

«መኪና በጋቢ?»

«አሞት ነው። ላሳክመው ነው።»

ጥቂት አሰቡና «እግዜር ይማረው» አሉ። አሜን አልኩ፤ ከልቤ ነው።

ራሔል ረጅሟን ተቀብላ አጭሯን ገጠመችልኝ። «ማዘር፣ ሥዕሏ እንደዚያችኛዋ አይሆንም። ራቅ ያሉት ዛፎች ደብዘዝ ይላሉ» አለችኝ። ይህቺ ልጅ በእኔ ዕድሜ ራቅ ያለ ዛፍ ምን እንደሚመስል አታውቅም። በትንሽ አቅም ካርድ የምትገዙ ሁሉ ከእኔ የምትማሩት ካለ ይኸው ነው፦ ስለ ኃይሏ ከመጨነቃችሁ በፊት ቤታችሁ ትገባ እንደሆነ እዩ። ምክሩ ባል ስትመርጡም ይሠራል፤ ለእኔ ግን ዘግይቷል፣ ደግሞም አልተጸጸትኩም።

እሑድ አርባው ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ሰው በልቶ፣ ልብሱ ተሰጥቶ ዘመድ ብቻ ሲቀር እትዬ አልማዝ «በይ፣ ሠራ?» አለች። ከፈትኩት። ጥለት የለም፤ ጥርት ያለ ሥዕል። ጌሙ ሲነሣ ወልዴን በስሙ ጠርቶ እንኳን ደህና መጣህ አለው። በአርባ ቀን ውስጥ ስሙን ጠርቶ «ነፍሱን ይማር» ሳያስከትል የቀረ እሱ ብቻ ነው። መኪናው ወልዴ አንድ ማረፊያ ላይ እንዳቆመው ነበር። የጭነቱን ስም አነበብኩላቸው፤ እርጎ ነው። «አርባ ቀን ሙሉ?» አለ አንዱ የወልዴ አጎት፣ አፍንጫውን እየያዘ።

እትዬ አልማዝ ስክሪኑን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እንዲህ የሚሠራማ ከሆነ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ይበልጥ ይጠቅማል!»

«ከሠራ ይቀመጥልሽ ብለሽኛል እትዬ!»

«ብያለሁ። ግን ማን ሊነዳው?»

«እኔ!»

«ንጂዋ እስቲ!»

በወልዴ ወንበር ተቀመጥኩ። ካርድ መርጫለሁ፣ ለክቻለሁ፣ አስገጥሜያለሁ፤ አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር። ነድቼ አላውቅም። እኔ ረዳት ነኝ። ዘመድ በሙሉ ከጀርባዬ ቆሟል፤ አልችልም ብዬ ብነሣ ኮምፒውተሩ ሄደ። ነዳሁ። ከማረፊያው ስወጣ አንድ ምሰሶ ጣልኩ። አደባባዩ ላይ ስደርስ ፍሬን ይሆናል ብዬ የተጫንኩት ሌላ ነገር ሆነ። ተጎታቹ ቀስ ብሎ፣ ለመተኛት እንደሚያስብ በሬ፣ በጎኑ መንገዱ መሐል ጋደም አለ።

ከዚያ ከኋላዬ ሳቅ ፈነዳ። እትዬ አልማዝ ነበረች፤ በነጠላዋ አፏን ብትይዝም አልቻለችም። የወልዴ ሳቅ ነበር፤ እህቱ አይደለች? ያንን ሳቅ ዳግመኛ የምሰማው አልመሰለኝም ነበርና ፊቴን ሳላዞር ቆየሁ።

ዓይኗን ጠርጋ ስትጨርስ ግን ወደ ሥልጣኗ ተመለሰች። «ይሄ እቃ ለሰንበት ትምህርት ቤት አይሰጥም!» አለች።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» አለ አጎትየው።

«ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው! መኪና መገልበጥ የሚያስተምር እቃ ለነፍሱ ብለን ሰጥተን ወልዴን ልናስኮንነው ነው? እዚሁ ይቀመጥ። እሷ ትልቅ ሰው ናት፤ ትገልብጥ።»

ተፈረደ። አልተከራከርኩም።

ይኸው እነዳለሁ። በየቀኑ፣ ጥቁሬን ለብሼ፣ የቀኙን ወንበር ባዶ ትቼ። የሚያማ ይማ፤ ሐዘኔን በምን ያህል ፍጥነት እንደምነዳ የሚወስንልኝ የለም። አሁን ደግሞ እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር ልንገራችሁ፦ በጣም ጎብዣለሁ። ተጎታቹን ወደኋላ ሳይቀር አቆማለሁ። እትዬ አልማዝ ልታየኝ ስትመጣ ግን አንድ ሁለት አጥር ሳልገጭ አላሳልፍም።