ስንት ይዤ ልግባ?

የሒሳብ አስተማሪ ትልቁ በሽታው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተጠይቆ ዝም ማለት አለመቻሉ። ስንት ሰዓት ነው ብትሉት ስንት ደቂቃ እንደቀራችሁ ጨምሮ ይነግራችኋል። እኔም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ይኼ በሽታ ጸንቶብኛል። ባይጸናብኝ ኖሮ እሸቴን አላጣውም ነበር።

እሸቴ ከሮብ ገበያ ከተማ ወጣ ብሎ ድንች የሚያመርት የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ቅዳሜ ድንቹን ማርቆስ አምጥቶ ይሸጣል፣ እህቱ ቤት ያድራል፣ እሑድ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ከዚያ በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ቤቱ። ከቅዳሴውና ከሚኒባሱ መሀል ያለው ሰዓት የእኛ ነበር። እኛ ማለት እኔ፣ እሸቴ፣ ጎሚስታው ተመስገንና ይልማ ነን። ቦታው የተመስገን ጎማ ቤት ጓዳ፣ መቀመጫችን አሮጌ የመኪና ጎማ። ይልማ ደቡብ አፍሪካ ሰባት ዓመት ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ኖሮ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ቴሌቪዥን ያመጣል፣ እሱ ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ይዞልን መጣ።

ያውም ወሰን የሌለውን። ለማታውቁት ላስረዳችሁ፤ ማስተማር አመሌ ነው። ሁለት ካርታ ለየራሳችሁ ትደብቃላችሁ። አምስት ደግሞ መሀል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ከሁሉም የተሻለውን የገጣጠመ ይበላል። ገንዘባችን ቆርኪ ነበር፤ የለስላሳው ዐሥር ብር፣ የቢራው መቶ ብር። ወሰን የለውም ማለት ደስ ባላችሁ ሰዓት ፊታችሁ ያለውን ቆርኪ ሁሉ መግፋት ትችላላችሁ ማለት ነው። ግን ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ኪስ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ካርታው አይደለም። ትልቁ ጥያቄ ገና ስትቀመጡ ነው፤ ስንት ይዤ ልግባ?

እሸቴ ሁልጊዜ በሦስት መቶ ብር ነበር የሚገባ። ሦስት ቆርኪ! ካለቀችበት ከጎማው ላይ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፍና “ደኅና ዋሉ ጌቶች” ብሎ ይሄዳል። ቅር አይለውም። ይልማ “የቆሎ ተማሪ” እያለ ይቀልድበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

አንድ እሑድ ግን የማይገኝ ካርታ ደረሰው። ይልማና ተመስገን ሺህ በሺህ ላይ እየጨመሩ ተሟሟቱ። እሸቴ ያለችውን ሦስት ቆርኪ ገፍቶ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ሲገለጥ አሸናፊው እሱ ነው። ግን ማንም ከእያንዳንዱ ሰው የሚወስደው ራሱ ያስቀመጠውን ያህል ብቻ ነው። ሦስት መቶ ከዚህ፣ ሦስት መቶ ከዚያ አነሣ። የቀረውን ስምንት ሺህ ከሱ ያነሰ ካርታ የያዘው ይልማ ሰበሰበው። ያን ቀን እሸቴ አልሳቀም።

ወደ ሚኒባሱ ስሸኘው መንገድ ላይ ቆመ።

“መምህር፣ አንተ የቁጥር ሰው ነህ። እስኪ ንገረኝ፣ ስንት ይዤ ልግባ?”

ምን ነበረበት ‘እኔ እንጃ’ ብል? ምን ነበረበት ‘ጨርሶ አትግባ’ ብል? እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። በትንሽ ገንዘብ የገባ ሰው ሲሸነፍ ትንሽ፣ ሲያሸንፍም ትንሽ እንደሆነ፣ ጥሩ ካርታ ደግሞ በዓመት አንዴ እንደሚመጣ፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ካለው ትልቅ ገንዘብ እኩል ይዞ መግባት እንደሚገባ በጣቴ አየር ላይ እየጻፍሁ አስረዳሁት። ሒሳቡ ትክክል ነው። ዛሬም ደግሜ ሠርቼዋለሁ፣ ትክክል ነው።

“ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ይባላል አይደል? እሸቴ እኮ እሺ ነው ያለው። እሺ ብሎ ነው መከራ ያገኘው።

ግንቦት ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ ዐሥራ ስምንት ሺህ ብር ይዞ ገባ። ወይፈን ሸጦ ነው። የድንች ዘር ሊገዛበት የያዘው መሆኑን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነው። የሒሳብ አስተማሪ ይህን መጠየቅ ይረሳል፤ ስንት እንጂ የምን አይልም።

እንዴት እንደተጫወተ ልንገራችሁ? እንደ አንበሳ። መሀል ላይ ሦስተኛዋ አስ ስትገለጥለት ፊቱ አልተለወጠም። ያንን ሁሉ የቢራ ቆርኪ በሁለት እጁ ገፋው። ተመስገን ካርታውን ጥሎ ወጣ፣ ይልማም ወጣ። የቀረሁት እኔ ነኝ። እንደ አጋጣሚ ያን ቀን ሲቀናኝ ውዬ ፊቴ ያለው ከሱ ይበልጣል። የእጄና የመሀሉ ተደምሮ አራት ባለ ቀይ ልብ ካርታ አለኝ፣ አምስተኛው ከመጣ እበላለሁ፣ ካልመጣ የለሁም። የመምጣት ዕድሉ ከአምስት አንድ አይሞላም። መውጣት ነበረብኝ። ለሱ እንዳሰላሁለት ለራሴም ባሰላ እወጣ ነበር። አልወጣሁም፤ የሱን ያህል ገፋሁ። ቀዩ ልብ መጣ።

እሸቴ ቆርኪዎቹን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ከጎማው ላይ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ።

በር ላይ ደረስሁበት። “እሸቴ፣ ልመልስልህ” አልሁት።

“እኔ ባሸንፍህ እመልስልህ ነበር? ጨዋታ እኮ ነው” አለኝና ሄደ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅሁት። እናንተ፣ በእኛ አገር ለአንዲት ጉርሻ እንኳ ሦስት ጊዜ በሞቴ ይባላል! ለዐሥራ ስምንት ሺህ ብር አንድ ጊዜ ጠይቄ ተመለስሁ።

በገንዘቡ ፍሪጅ ገዛሁ። ለባለቤቴ ለየሺ የፈተና እርማት አበል ነው አልኋት። እሸቴ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። በሚቀጥለውም። ዝናቡ ይዞት ይሆናል አልን።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። የሺ ከፈተች። ነጠላዋ የራሰ፣ ዶሮ የታቀፈች ሴት ቆማለች፤ የእሸቴ ሚስት እናትነሽ። ገብታ ሳትቀመጥ የሺን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች።

“እኔን እህቴ! ቀደዱሽ አሉ? ሆድሽን ነው? እንኳን ለዚህ አበቃሽ!”

የሺ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። እሸቴ ያን እሑድ ባዶ እጁን ቤቱ ሲገባ፣ የመምህር ሚስት ለሞት ስለተቃረበች ገንዘቡን ለማሳከሚያ አበደርሁት ብሎ ነግሯታል። “መጥቼ ሳልጠይቅሽ ዘገየሁ፣ ማርያምን አፈርሁ” አለች እናትነሽ። “ዘሩንስ ባንዘራ ምን አለበት? መሬቱን ለጎረቤት የእኩል ሰጠነው። ዘንድሮ ጦማችንን አናድር፣ የሰው ነፍስ ይበልጣል።” ከዚያ ጥግ ላይ የቆመውን ፍሪጅ አየችና “መድኃኒቱን እዚህ ነው የምታስቀምጭው?” ብላ ጠየቀች።

የሺ ፍሪጁን አየች። እኔን አየች። ሁሉንም ገባት። እኔ አሁን ጉዴ ፈላ ስል፣ እሷ ሆዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሆዷን ያዝ አደረገችና “አዎ እህቴ፣ ቀዝቃዛ ይፈልጋል አሉ። ዕድሜ ለእናንተ፣ ተሻለኝ” አለች። እናትነሽ እስክትሄድ ስታቃስት ዋለች። ሚኒባሱ ድረስም ጎበጥ ብላ ሸኘቻት። ጎረቤት ሁሉ ምን ነካት እያለ ያያል።

ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋችው።

“ለመሆኑ በስንት ነው የታከምሁት?”

“በዐሥራ ስምንት ሺህ።”

“ሐኪሜም ይኸው የቆመው ነው?” አለችና ፍሪጁን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ወደ ጓዳ ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍሪጁ በዐሥራ አምስት ሺህ ተሸጠ። የጎደለውን ከደመወዜ ሞላሁ። የሺ ራሷ ሮብ ገበያ ወርዳ “ብድራችሁን” ብላ ለእናትነሽ አስረከበች። ገንዘቡ ቤቱ ገባ። ሰኔ ግን ሄዷል። ሰኔን ማን ይመልሳል? በዚያ ዓመት በእሸቴ መሬት የበቀለው ድንች ግማሹ የሰው ነበር።

የጎማ ቤቱ ጨዋታ እንደሆነ ቀረ። ሦስት ሰው ሲሆን አይደምቅም ብለን ተውነው፤ እውነቱ ግን ባዶውን ጎማ ማየት ከብዶን ነው።

እሸቴን ያገኘሁት መስከረም ጠብቶ መናኸሪያው በር ላይ ነው። ጆንያ ተሸክሟል። አውርዶ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ እንደ ወረዳ ባለሥልጣን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

“እንደምን ሰነበቱ፣ መምህር?”

ከእረኝነታችን ጀምሮ አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። አንቱታው ከጥፊ ይብሳል።

“ደኅና ነኝ” አልሁት። “እሸቴ፣ እኔኮ…”

“ባለቤትዎስ? ተሻላቸው?”

ዐይኑን አየሁት። አይስቅም፣ አይቆጣም። ውሸቱን አብረን እንድንሸከመው ብቻ ነው የሚጠይቀኝ።

“ድናለች” አልሁ።

“እግዜር ይመስገን። እኔም ድኛለሁ” አለና ጆንያውን አንሥቶ ሄደ።

ከካርታው ይሁን ከእኔ፣ አልጠየቅሁትም።