በስምንት ጣት የተያዘ ጊታር

የእኛ ሰው ሙሉ ነገር ሲወድ ለጉድ ነው። እንግዳ ሲጠራ ዳሱ ጢም ካላለ ያፍራል፤ ለቅሶ ሲደርሱት እንኳ ማን ቀረ ብሎ በዓይኑ ይቆጥራል። የጎደለ ነገር ካየ ደግሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። ይህ ከንፈር መምጠጥ ምን ያህል እንደሚያናድድ የሚያውቀው የጎደለበት ሰው ብቻ ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ግራ እጄን አይታችሁት ከሆነ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ የሉም። በሉ እንግዲህ፣ እናንተም መጠጣችሁ አይደል? ጨርሱና እንቀጥል።

ጣቶቼ የሄዱት በጣሊያን ጊዜ ነው። ይህን ስል ጥይት ወይም ቦምብ እንደምትጠብቁ አላጣሁትም፤ ቅር አይበላችሁና ድንጋይ ነው። ከደብረ ማርቆስ የሚወጣውን መንገድ በግድ ስንሠራ፣ የፈነቀልነው ድንጋይ ተንሸራቶ እጄ ላይ አረፈ። በቃ፣ ይኸው ነው ታሪኩ። ጀግንነት የለበትም።

ችግሩ እኔ ክራር መቺ መሆኔ ነበር። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ አውታሮቹን በሙሉ ባንድ ጊዜ ይመታል፤ ግራ እጅ ደግሞ ከኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን አውታሮች እየነካ ዝም ያሰኛል። ከግራ እጅ የሚጠበቀው ማናገር ሳይሆን ዝም ማሰኘት ነው። እያንዳንዱ ጣት የሚጠብቀው አውታር አለው። የእኔ ሁለቱ አውታሮች እንግዲህ ያለ ጠባቂ ቀሩ፤ ምን ብመታ፣ ምን ብጠነቀቅ፣ ሳይጠሩ እየገቡ ይጮሃሉ። አንድ ሳምንት ታገልኩና ክራሬን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ለራሴ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። እህቴ የሻረግ ግን ነበረች። እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች፤ እኔ ክራር እየመታሁ፣ እሷ እየዘፈነች ነው ያደገችው። "የሠርግሽ ቀን ከዚህ ቤት የማስወጣሽ በገዛ እጄ እየመታሁ ነው" ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ጣቶቼ በሄዱ በሦስተኛው ወር ሽማግሌ መጣ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የሻረግ "ግድ የለም፣ አዝማሪ ይጠራል" አለችኝ። ግድ የለም ስትል ፊቷን አዙራ ነበር። እኔም ያን ቀን፣ ጥርሴን ተጠቅሜም ቢሆን እመታለሁ ብዬ ማልኩ።

ድንጋይ መፍለጥ ስላልቻልኩ ጣሊያኖቹ ካምፓቸው ውስጥ ካሚዮን አጣቢ አደረጉኝ። እዚያ ሉዊጂ የሚባል መካኒክ ነበር፤ ቀጭን፣ ጆሮው ሳይቀር ዘይት የነካው ሰው። ምሳውን ከበላ በኋላ ካሚዮን ደረጃ ላይ ይቀመጥና ጊታሩን ይመታል። ወራሪ ነው፣ አልክድም። እናንተ ብትሆኑ ጆሯችሁን ትደፍኑ ይሆናል፤ እኔ ባልዲዬን ይዤ ጠጋ አልኩ። አንድ ቀን ዓይኔ ከእጁ አልነቀል ሲል "ያዝ" ብሎ ሰጠኝ።

ያዝኩ። በለመድኩት መንገድ የግራ ጣቶቼን አውታሮቹ ላይ ለስለስ አድርጌ አሳረፍኩና ገረፍኩት። ድም! ድም! የሞተ ነገር። ጠባቂ እንጂ ተናጋሪ ጣት መቼ አውቅና! ሉዊጂ እንባው እስኪመጣ ሳቀና ጣቴን በጣቱ ተጭኖ አውታሩን ከእንጨቱ ጋር አጣበቀው። አውታሩ ተናገረ። ቀጥሎ እሱ በሦስት ጣቱ ሦስት አውታር ይዞ ባንድ ጊዜ መታልኝ። ሦስት ድምፅ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከላይ ሆነው፣ ሳይጣሉ አብረው ወጡ።

እንድሞክር ጊታሩን መለሰልኝና እጄን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ሦስት አውታር የሚይዝ ጣት የለኝም፤ አመልካች ጣቴና የመሐል ጣቴ ብቻ ናቸው የቀሩት፣ አውራ ጣቴ የጊታሩን አንገት ከኋላ ይደግፋል። "ባስታ" አለኝ ቀስ ብሎ። ባስታ ማለት በቃ ማለት ነው። በቃ የሚሉኝ ሰዎች በዚያ ዓመት በዝተውብኝ ነበርና ደሜ ፈላ።

ሦስቱን መያዝ ካልቻልኩ ሁለቱን እይዛለሁ አልኩ። የተተወው አውታር ግን ዝም ብሎ አይተውም፤ ሳይጫኑት ሲመቱት የማይገናኝ ነገር ይቀባጥራል። እዚህ ላይ የክራር ሙያዬ ደረሰልኝ። ከሚጫነው ጣቴ ጫፉን ዘንበል አድርጌ ያንን ቀባጣሪ ነካ አደረግኩት። ዝም! ሁለቱ ብቻ ጥርት ብለው ወጡ። የሉዊጂ ሲጋራ ከአፉ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ማን ያቁመኝ? ለካ ከሦስት ድምፅ ውስጥ አንዱን እያቀያየሩ ቢተዉ ሦስት ዓይነት ጥንድ ይወጣል! የላይኛውን ትቼ የታችኛውንና የመሐሉን ብይዝ ይስቃል። የታችኛውን ትቼ መሐሉንና የላዩን ብይዝ ሆድ ያባባል። መሐሉን ትቼ ዳርና ዳሩን ብይዝ ግን አይስቅም፣ አያለቅስም፤ ሰው የሚለውን የሚጠብቅ ይመስላል። ደግሞ ያንኑ አያያዝ በጊታሩ አንገት ላይ ባንሸራተትኩት ቁጥር ጥንዱ ሌላ ቦታ ሄዶ ያው ጥንድ ነው። ጠፍተው የነበሩ ዘመዶቼን አንድ በአንድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ይህን ሁሉ አግኝቼ ሳልጨርስ ሁዳዴ ገባ። በጾም ሙዚቃ የለም፤ ሠርጉ ደግሞ ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ ነው። ጭንቅ ሲለኝ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። "አባ፣ አውታር ሳልመታ በግራ እጄ ብቻ ብጫን ኃጢአት ነው?" አልኳቸው።

"ድምፅ አለው?" አሉኝ።

"የለውም።"

"ድምፅ ከሌለው ምን ዘፈን አለው? ልብህ ግን መዝፈኑን እኔ አላውቅም ብለህ ነው? ስግደት ጨምር" ብለው አሰናበቱኝ።

ሰገድኩ፣ ተጫንኩም። ጊታሩ ያለው ካምፕ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን የአካፋ እጀታ አለኝ። በከሰል መስመር በመስመር ምልክት አደረግኩበትና አምሳ አምስቱን ቀን የአካፋ እጀታ ስጫን ከረምኩ። የሚያየኝ ሁሉ ድንጋዩ ጭንቅላቱን ጭምር መትቶታል ይል ነበር። የጣቴ ጫፍ ቆስሎ ዳነ፣ ቆስሎ ዳነ፣ በመጨረሻም እንደ ተረከዝ ጠነከረ። ፋሲካ ሲሆን ሉዊጂ ወደ ሌላ ካምፕ ሊዛወር ዕቃውን እየሸከፈ አገኘሁት። ጊታሩን እጄ ላይ አስቀምጦ በቋንቋው ብዙ ተናገረ፤ የገባኝ ዓይኑ ብቻ ነው። በጆንያ ጠቅልዬ ወደ መንደራችን ወደ አምበር ገሰገስኩ።

አምበር ዳሱ ሞልቷል። ጆንያውን ስፈታ ግን አጎቴ አያ ደምለው ተነሣ። አያ ደምለው አርበኛ ነው፤ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ብሎ ከነጠመንጃው ከጫካ የወረደ።

"ይህ የማነው?" አለኝ።

"የጣሊያን ነበር፣ አያ።"

"የጠላት ዕቃ ነው ልጃችንን የሚሸኛት?" አለና እጁን ዘረጋ። ጉልበቱ ላይ ሊሰብረው እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

"አያ፣ ስበረው" አልኩት። "ግን አንድ ጊዜ ልምታውና። የእኛ ዘፈን ካልወጣው እኔው ራሴ ማገዶ አደርገዋለሁ።"

አየኝ፣ እጄንም አየ። ከንፈሩን ግን አልመጠጠም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። "ምታው" አለ።

ሙሽራ ሲወጣ የሚዘፈነውን፣ ሁሉም የሚያውቀውን ጀመርኩ። መሐሉን ትቼ ዳርና ዳሩን ያዝኩ፤ እናት የሌላት ልጅ ስትወጣ መሳቅም ማልቀስም የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም። መጀመሪያ ማንም አልተቀበለኝም። ሁለት ድምፅ ብቻውን ዳሱ ውስጥ ዞረ። ጨነቀኝ፤ አጎቴ አሁንም ቆሟል።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው በኩል አንድ ድምፅ ገባ። የሻረግ ናት! ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ በሠርጓ ቀን አፏን አትከፍትም፤ አገሩ ያውቃል። እሷ ግን ተሸፋፍና እንደተቀመጠች ዘፈነች፤ ቅጥን ባለ ድምፅ፣ እኔ በተውኳት በመሐሏ ድምፅ ገባችና ሞላችው። አሮጊቶቹ "ኧረ በስማም!" አሉ፤ ወዲያው ግን እልል አሉና ተቀበሏት። ዳሱ ተናጋ። አያ ደምለው ጠመንጃውን የሚፈትሽ መስሎ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ።

ሚዜዎቹ አንስተው በቅሎ ላይ ሲያስቀምጧት፣ ከሸማዋ ሥር እጄን ያዘችኝ፤ የጎደለውን እጄን። "አንዷን ለእኔ ብለህ ነው የተውካት?" አለችኝ።

ለአንቺ ሳይሆን ጣት አጥቼ ነው ማለት ነበረብኝ። አምሳ አምስት ቀን የአካፋ እጀታ የጨመቀ ሰው ያን ያህል እውነት መናገር አያቅተውም። "ለማን ብዬ ልተዋት ታዲያ?" አልኳት። በቅሎዋ ተንቀሳቀሰች፤ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ይኸው አሁን እሷም አያት ሆናለች። ለልጅ ልጆቿ ስታወራ "ወንድሜ እኮ የእኔን ቦታ ትቶ ነበር የሚመታው" ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ አንዳንዴማ ከእሷ በፊት እጀምረዋለሁ።