ታረቀ ዘቁይ መስኮት የሌለውን ቤት እንደ ወጋ

ከፍጥረት ሁሉ አስቀድሞ ብርሃንን በፈጠረ አምላክ ፈቃድ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ታረቀ ዘቁይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል በተቀመጠ በስምንተኛው ወር፣ ባላምባራስ እንዳላማውም የተማሪ ቤታቸውን ባቆሙ በሁለተኛው ዓመት የሆነውን ነገር፣ እኔ ወልደ ሰንበት ዘጉንደ ወይን፣ ዜማ አቋርጬ አስኳላ የገባሁት፣ የታረቀም የመደቡ ተካፋይ፣ ያየሁትን ሳልጨምር፣ የሰማሁትን ግን ጥቂት አሳምሬ ጻፍሁ።

እኒህ ባላምባራስ እንዳላማው፣ ጌታ ዘቆርቆሮ፣ መጋቤ ቁልፍ፣ በደብረ ማርቆስ ከሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት አጥር ሥር በእንጨትና በጭቃ አንድ ረጅም ቤት አቁመው፣ እርሱንም አሥር ቦታ ከፍለው፣ በየክፍሉ ሦስት ሦስት ተማሪ እየከተቱ ያከራዩ ነበር። አዋጃቸውም በገበያ ቀን እንዲህ ተነገረ፦ «የገጠር ልጅ ስማ! ከትምህርት ቤት ደጃፍ ቤት ሠርቼልሃለሁ። ደወል ሲደወል ከመደብህ ተነሥተህ ትደርሳለህ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ጠብ አይልም!» ስለ ጣራው ብዙ ተናገሩ፤ ስለ መስኮት ግን ዝም አሉ፣ በአሥሩም ክፍል አንድ መስኮት አልነበረምና። የጠየቃቸውንም ሁሉ «መስኮት ሌባና ንፋስ ነው የሚያስገባው» እያሉ መለሱት።

በሩን ስንዘጋ በቀትር ጨለማ ሆነ፤ በሩን ስንከፍት የባላምባራስ ዶሮዎች፣ ቁጥራቸው ሃያ ሁለት የሆነ፣ ቀዩን አውራ ዶሮ አስቀድመው እየገቡ ከቤት ያመጣነውን ድርቆሽ ዘረፉ። ኩራዝ በቀን እንዳናበራም «ጥላሸቱ ግድግዳዬን ያበላሻል» ተብሎ ተከለከለ። ስለዚህ ግማሾቻችን ማንበብን፣ ግማሾቻችን መብላትን መረጥን፤ እኔ የኋለኞቹ ወገን ነበርሁ።

ታረቀ ግን የአባቱ የአቶ በላቸው አዋጅ ነበረበት። እርሱም በመስከረም ከቁይ ሲነሣ በቤተ ዘመድ ፊት የተነገረ ነው፦ «ዘንድሮ ካለፍህ ዩኒቨርሲቲህ ትሄዳለህ። ከወደቅህ ሞፈርና ቀንበሩ እንዳለ ነው፤ ሁለተኛ ስንቅ የሚቋጥርልህ የለም።» በመጀመሪያው መንፈቅ በሒሳብ ከክፍሉ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበርና፣ መጽሐፉን በበሩ ስንጥቅ እያስጠጋ፣ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ከቁጥር ወደ ቁጥር እየተከተለ ያነብ ነበር። አንድ ቀን ሲያለቅስ አየሁት። አቧራ ነው አለ፤ እኔም አቧራ ነው ብዬ ተውሁት፤ ነገር ግን አንጀቴን በላው።

ከዚህም በኋላ የቅዱስ ማርቆስ በዓል ቀረበ፤ የጽዋ ማኅበሩም ተራ ለባላምባራስ ደረሰ። ወደ መንገድ የሚያየውን ግድግዳ ግን ያለፈው ክረምት ልጦት ነበር። ባላምባራስም የቀን ሠራተኛ ሊቀጥሩ አሰቡ፣ ደመወዙም ታወሳቸውና ተዉ። ደቦ ሊጠሩ አሰቡ፣ ደቦ ግን ማብላትና ማጠጣት አለበትና ይህንንም ተዉ። በመጨረሻም ጥበብ ተገለጸላቸው፤ ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን በግቢው መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ተከራዮቼ ሁሉ! ነገ ከትምህርት መልስ ግድግዳዬን በወንፈል ትመርጉልኛላችሁ። ልብ በሉ፣ ደቦ አላልሁም፣ ወንፈል ነው ያልሁት። ጠላ የለም፣ እንጀራ የለም፤ እጃችሁን ታጥባችሁ ወደ መደባችሁ!»

በማግሥቱም ሠላሳው ሠራዊት ተሰለፈ፤ ካሴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ የሚረግጥ፣ ድረስ አካፋ ሳይዝ ምክር የማይነፍግ፣ እኔም በዜማ የማበረታታ፣ ታረቀም ከሁሉ ፊት በሁለት እጁ የሚመርግ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግድግዳው አማረ። ባላምባራስም አይተው፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ፣ ደስ ብሏቸው ገቡ። ታረቀ ያን ጊዜ ፈገግ አለ፤ ምክንያቱን ብጠይቀው እጁን ታጥቦ ወደ መደቡ ሄደ።

ሚያዝያ ሠላሳ ቀን የማኅበሩ ሰዎች በልተው ጠጥተው ባላምባራስን ሲመርቁ፣ ታረቀ ጋቢውን አደግድጎ በፊታቸው ቆመና በታላቅ ድምፅ አወጀ፦ «አባቶቼ ስሙኝ! ሁላችሁም አራሾች ናችሁ፣ ሕጉን ታውቁታላችሁ። ባላምባራስ ደቦ ብለውን ቢሆን በልተን ጠጥተን በተለያየን ነበር። ወንፈል አሉን፤ አንድ ጉርሻ አልቀመስንም። ወንፈል ደግሞ ብድር ነው፤ እጅ ያበደረ እጅ ይቀበላል። እኛ ሠላሳ ነን፤ የጎደለንም መስኮት ነው።»

በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ወደ ባላምባራስ ዞሩ። ባላምባራስ በቅዱሱ በዓል፣ በጽዋው ፊት መካድ አልቻሉም፤ ሊክዱ ቢያስቡም እንኳ ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል ከጓዳ ሆነው «ወንፈል ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» ብለው አወጁ። የማኅበሩ ሽማግሌ መሪጌታ አካለ ወልድም ፍርድ ሰጡ፦ «ወንፈል ብሎ የጠራ ወንፈሉን ይመልስ። ሠላሳ ቀን እንዳይበዛበት ለየክፍሉ አንድ ቀን፣ አንድ መስኮት ይሁን። ራሱ መሥራት ቢያፍር ሰው ቀጥሮ ይላክ!»

ባላምባራስም አንድ ሌሊት ሙሉ ተጨነቁ፤ በነጋም ጊዜ ለቀን ሠራተኛ ከመክፈል የገዛ እግራቸውን መረጡ። ካባቸውን አውልቀው፣ ተፈሪ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡበት፤ አሥር ቀን ጭድና ጭቃ ረገጡ፣ በመንገድ የሚያልፈውም ሁሉ ቆሞ «በርቱ ባላምባራስ!» ይል ነበር። መጀመሪያ የተከፈተው የእኛ ክፍል ነው። ታረቀ በክንድ ለካ፣ ማገሩን ቆረጠ፣ ሳንቃውንም ገጠመ። ብርሃንም በገባ ጊዜ ስምንት ወር አብሮን የኖረውን ቁንጫ ሁሉ አየን፤ ታረቀም ቁንጫውን ትቶ ሒሳቡን ገለጠ፣ እስከ ፈተናው ቀንም ከዚያ መስኮት ሥር አልተነሣም።

ውጤትም ወጣ። የታረቀ ስም ካለፉት መካከል ተገኘ፤ አቶ በላቸውም ከቁይ በቅሎ ጭነው መጥተው፣ ልጃቸውን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። የእኔ ስም አልተገኘም። ያው መስኮት ለእኔም እኩል አብርቶልኝ ነበር፤ እኔ ግን መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በመንገዱ የሚያልፉትን ቆነጃጅት ስመለከት ሰንብቼ ነበር። ባላምባራስም ለአዲስ ገቢዎች እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ባለ መስኮት ቤት ነው! እያንዳንዱን መስኮት በገዛ እግሬ ጭቃ ረግጬ ሠርቼዋለሁ!» በዚህም አልዋሹም።

ኦ ታረቀ ዘቁይ፣ ያለ ጥይት ድል ያደረግህ፣ ባለ ካባውን ጭቃ ያስረገጥህ፣ ለሠላሳ ሰው ቀትርን የመለስህ! ስምህ በአሥሩ ክፍል እስከ ዛሬ ይጠራል። በመደቡ ላይ ያንተ ቦታ ባዶ እንዲቆይ፣ ሌላ ሰውም እንዳያስገቡብኝ ባላምባራስን ለምኜ ነበር፣ አልሆነልኝም። መስኮት ልትከፍትልኝ ቻልህ፤ ዓይኔን ወደ መጽሐፍ መመለስ ግን ካንተም በላይ ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ዕድሜህ ይርዘም፣ ዝናህ ይስፋ፤ አዲስ አበባም ስትገባ ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ እባክህ።