የሊልበርን ትናንሽ ደሴቶች ኅብረት

(የአትላንታ ኦሎምፒክ አልፎ ዓመት ሆኖታል። ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሊልበርን ውስጥ፣ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ በሚያልቅበት ቦታ፣ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን አሉ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ቱቦው ስለተደፈነ ውሃው መሄጃ አጥቶ ሁለቱንም ከቧቸዋል። በአንዱ በረንዳ ላይ ጁነዲን ቆሟል። ታክሲ ነጂ ነው፤ ሰሞኑን ስለ ትናንሽ ደሴት አገሮች ዘላቂ ልማት ሚድታውን ሆቴል የተሰበሰቡትን እንግዶች ከኤርፖርት ሲያመላልስ ሰንብቷል። አንዱ እንግዳ ታክሲው ውስጥ የረሳውን የስብሰባ ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። በሌላው በረንዳ ላይ ጥላዬ ቆሟል። ዛሬ የአሜሪካ ዜግነት መሐላ የሚፈጽምበት ቀን ስለሆነ፣ ዳገቱ ላይ ከምትኖረው ጎረቤታቸው ከቲጂ ባል የተዋሰውን ሱፍ ለብሶ ጫማውን በእጁ ይዟል። ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል፤ ዋናም አይችልም። በመካከላቸው እስከ ወገብ የሚደርስ ውሃ አለ። የጁነዲን ልጆች የሚንቦጫረቁበት ዳክዬ የተሳለበት የፕላስቲክ ገንዳ ከአባታቸው በረንዳ ጋር ታስሮ ይንሳፈፋል።)

ጥላዬ፦ የመኪና ጣሪያ ደሴት አይባልም አልኩህ።

ጁነዲን፦ ዙሪያውን ውሃ ከከበበው ይባላል።

ጥላዬ፦ የኔ ኮሮላ እኮ ነው።

ጁነዲን፦ ሰው የማይኖርበት ደሴት ነው። ደግሞ በኔ የባሕር ክልል ውስጥ ስለሆነ የኔ ነው።

ጥላዬ፦ ይሁንልህ፣ ውሰደው። ብቻ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ያቺን ገንዳ ወዲህ ግፋልኝ። አራት ሰዓት ላይ ኮርት መድረስ አለብኝ። ዛሬ ካልማልኩ የየሺእመቤት ወደዚህ የመምጣት ጉዳይ መልሶ ወደ ኋላ ሊጎተት ነው። ሚስቴ አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ስልክ ስልክ እያየች ነው።

ጁነዲን፦ የአንዱ ደሴት ንብረት ዝም ብሎ ወደ ሌላው አይሻገርም። ቅንጅት ያስፈልጋል። ትናንሽ ደሴቶች ለምን እንደሚጎዱ ታውቃለህ?

ጥላዬ፦ ስለሚዘንብባቸው?

ጁነዲን፦ ስለማይቀናጁ። ለየብቻ ሲጮኹ ማን ይሰማቸዋል? እኔ ስለዚህ ቱቦ ለሰፈሩ ማኅበር መደወል ከጀመርኩ ስንት ወር ሆነኝ። ጁነዲን ነኝ ከሊልበርን ስላቸው፣ ሆልድ ያድርጉ፣ መስመሩ ላይ ይጠብቁ ብለው ሙዚቃ ይከፍቱብኛል። አገር ነኝ ብል ግን?

ጥላዬ፦ ለአገር ሙዚቃ የለም?

ጁነዲን፦ አለ። ግን ለአገር ሙዚቃ ሲከፈት ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ይቆማል።

ጥላዬ፦ (ከልቡ ተደንቆ) እውነትህን ነው።

ጁነዲን፦ ስለዚህ የሊልበርን ትናንሽ ደሴቶች ኅብረት ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ተመሥርቷል። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ። ጸሐፊውም እኔ ነኝ።

ጥላዬ፦ እኔስ?

ጁነዲን፦ አንተ አባል አገሮች ነህ።

ጥላዬ፦ ሁሉም እኔ?

ጁነዲን፦ ሁሉም አንተ። አንደኛ አጀንዳ፣ የኃይል ምንጭ። መብራት ጠፍቷል። ምን አለህ?

ጥላዬ፦ ትንሽ የጋዝ ምድጃ።

ጁነዲን፦ የጋራ ሀብት። ምግብስ?

ጥላዬ፦ የትናንት ሽሮ።

ጁነዲን፦ እሱም የጋራ።

ጥላዬ፦ አንተስ ምን ታዋጣለህ?

ጁነዲን፦ አመራር።

ጥላዬ፦ ዘላቂ ልማት የሚሉት ይሄንን ነው?

ጁነዲን፦ በትክክል። ልማቱ ምድጃው ነው። ዘላቂው እኔ ነኝ።

(የጁነዲን ሚስት ነዚፋ በመስኮት ብቅ ትላለች።)

ነዚፋ፦ አንተ ሰውዬ፣ ሰዓቱ እየሄደበት ነው፤ አሻግረው እንጂ።

ጁነዲን፦ ስብሰባ ላይ ነን።

ነዚፋ፦ በፒጃማ? (መስኮቱን ትዘጋለች።)

ጁነዲን፦ (ቦላሌውን ከፍ አድርጎ) የመጨረሻ ደንብ። አንዱ ደሴት ብቻውን ኅብረቱን ማፍረስ አይችልም፤ ሁሉም መስማማት አለበት። በዚህ ከማልክ ገንዳዋ የጋራ መርከባችን ትሆናለች። ቀኝ እጅህን አንሣ።

(ጥላዬ እጁን ያነሣና አጋማሽ ላይ ያቆመዋል። ዛሬ ያ እጅ ሌላ ቀጠሮ እንዳለበት ትዝ ብሎታል።)

ጥላዬ፦ ቆይ። አሁን እኔ አገር ነኝ አይደል?

ጁነዲን፦ ሙሉ አገር።

ጥላዬ፦ ዛሬ ዳኛው ፊት የምለው ቃል አለ፤ ስንት ጊዜ አጥንቼዋለሁ። ለማንኛውም የውጭ አገር ያለኝን ታማኝነት ትቻለሁ ነው የሚለው። የውጭ አገሩ ቤቴ ከሆነ ቤቴን ልክድ ነው?

ጁነዲን፦ (ባጁን እያሻሸ) በሕግ ካየነው፣ አዎ።

ጥላዬ፦ ምድጃውንም?

ጁነዲን፦ ምድጃውንም።

ጥላዬ፦ የቤቱን ዕዳ፣ ሞርጌጁንም?

ጁነዲን፦ ሞርጌጅ አይካድም።

ጥላዬ፦ እንዲህ ከሆነማ... አንተም እኮ ይሄንኑ መሐላ ምለሃል። ከኦሎምፒኩ በፊት፣ ኬክ የበላን ጊዜ።

ጁነዲን፦ ታዲያስ?

ጥላዬ፦ ምንም። ዛሬ ጠዋት የውጭ አገር መሪ ሆንክ ማለት ነው ብዬ ነው።

(ጁነዲን ባጁን ቀስ ብሎ ፒጃማው ውስጥ ይከታል።)

ጁነዲን፦ ቀስ ብለህ ተናገር።

ጥላዬ፦ ስትጮህ ያረፈድከው አንተ ነህ። ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ጁነዲን፦ ፓስፖርቴን ይነጥቁኛል? የታክሲ ላይሰንሴንስ?

ጥላዬ፦ እኔ ምኑን አውቄው። አዋቂው አንተ።

ጁነዲን፦ በአላህ፣ አሁኑኑ ይፍረስ። ተስማማሁ በል።

ጥላዬ፦ ሁሉም ካልተስማማ አይፈርስም አላልክም? አባል አገሮችን ላማክር።

ጁነዲን፦ አባል አገሮች አንተ ነህ እኮ።

ጥላዬ፦ ሁሉም እኔ ስለሆንኩ ነው ጊዜ የሚወስደው። መርከቧን ላካት፤ መንገድ ላይ አስብበታለሁ።

(ጁነዲን ገመዱን ፈትቶ ገንዳውን ይገፋል። ጥላዬ ዳክዬዎቹ መካከል ተቀምጦ፣ አትላንታ በገባ ሰሞን ገዝቶ አንድም ቀን ባልተጠቀመበት የበረዶ አካፋ እየቀዘፈ ደረቅ አስፋልት ላይ ይደርሳል። ቲጂ መኪናዋን አስነሥታ ትጠብቀዋለች።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ጎድሎ ቁርጭምጭሚት ድረስ ሆኗል። ጁነዲን አሁንም በረንዳው ላይ፣ አሁንም በፒጃማ ነው። ሥራ አልወጣም፤ ፖሊስ ቢያስቆመኝ የየት አገር ነኝ እላለሁ ብሎ ፈርቷል። ጥላዬ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ደረት ኪሱ ላይ ትንሽ ባንዲራ ሰክቶ ይመጣል። ለደስታው ፊቱ አልበቃ ብሎታል።)

ጁነዲን፦ ማልክ?

ጥላዬ፦ ማልኩ። እንባዬ መጥቶ ነው የማልኩት። የየሺእመቤትንም ወረቀት ከዚያው ሄጄ ፖስታ ቤት አስገባሁ።

ጁነዲን፦ እንኳን ደስ ያለህ። አሁን ተስማማሁ በልና ይፍረስ፣ ልተኛበት።

ጥላዬ፦ አልችልም።

ጁነዲን፦ ምነው?

ጥላዬ፦ ከአራት ሰዓት ጀምሮ አሜሪካዊ ነኝ። በትናንሽ ደሴቶች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አንገባም። ልማታችሁን ግን እንደግፋለን።

ጁነዲን፦ አንገባም የምትለው ከማን ጋር ሆነህ ነው?

ጥላዬ፦ ከእኛ ጋር።

ጁነዲን፦ (ድምፁ ሟሙቶ) እና እኔ እዚሁ አገር ሆኜ ልቀር ነው?

ጥላዬ፦ (አጠገቡ ተቀምጦ፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ) ምን በወጣህ። የየሺእመቤት እንዳለቀ ለአንተም ማመልከቻ ፋይል አደርጋለሁ፤ ወንድሜ ነው ብዬ አስገባሃለሁ።

ጁነዲን፦ የወንድም ስንት ዓመት ይፈጃል?

ጥላዬ፦ እሱ እንኳ ረዘም ይላል አሉ። አንተ ብቻ ሆልድ አድርግ፤ ሙዚቃ ይከፍቱልሃል።