ክቡር ቆይ እስቲ ፍጥነት መለኪያ ሲመርጡ

ዕቃ መርጦ የሚገዛ ሰው ሞልቷል። መምረጥ ብቻ የሚወድ ግን በየሰፈሩ አንድ አንድ ነው፤ ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ባለሱቅ ሁሉ በሩን ዘግቶ ይሰደድ ነበር።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ቆይ እስቲ ናቸው። ሥራቸው መነጽር መሥራት ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ አስቀምጠው ዓይኑ ላይ መስታወት እየቀያየሩ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ይላሉ። ደንበኛው ይመልሳል። እሳቸው ግን ተጠይቀው መልሰው አያውቁም። የሱቃቸውን በር ሊያስቀቡ በየቀለሙ ትንሽ ትንሽ ሲሞክሩ በሩ እንደዚያው ዥንጉርጉር ሆኖ ቀረ። «እንዴት ተጋባችሁ?» ብዬ ባለቤታቸውን ብጠይቅ፣ «እኔ ነኝ በቃ ያልኩት፤ እሱማ እስካሁን ቆይ እስቲ ይል ነበር» አሉኝ።

ነገሩን ያነሣሁት ስለ አንድ ዕቃ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የደረቀ ሐይቅ አለ። ነጭና ጠፍጣፋ፤ ዛፍ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለው። በነፋስ ወራት የሰፈራችን ሰዎች እዚያ ላይ የሸራ ጋሪ ይነዳሉ፤ ሦስት ጎማ፣ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ሸራ፣ እላዩ ላይ የተንጋለለ አንድ እብድ። ሞተር የለውም፣ ነፋሱ ነው የሚወስደው። ፍሬንም የለውም። መቆም ያማረው ሰው የሸራውን ገመድ ይለቅና ጋሪው እስኪደክመው ይጠብቃል።

ጋሪዎቹን የሠራው የክቡርነታቸው ባለቤት ወንድም፣ በያጁ ነበር። ባለፈው የነፋስ ወራት፣ አቧራ በተነሣበት ቀን ወጥቶ፣ ሐይቁ ጫፍ ላይ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ውስጥ ገብቶ ሞተ። የለመዱት ነጂዎች ሲያስረዱኝ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርገህ ስትሄድ ፍጥነትህ ከነፋሱ ጋር እኩል የሆነ ጊዜ ፊትህ ላይ ምንም አይነፍስም፤ ጆሮህም ጭጭ ይላል፤ የቆምክ ይመስልሃል። እሱም የቆመ መስሎት ነበር። ለቅሶው ላይ እህቱ ደጋግመው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት እየሄደ ነበር?» የሚመልስላቸው አልተገኘም።

የሱ ጋሪ ተጠግኖ ለክቡርነታቸው ልጅ ቀረ። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቷ ጋሪ ሲገፋ አብራ እየገፋች ነው ያደገችው፤ ብቻዋን ግን ነድታ አታውቅም።

«አባዬ፣ ዘንድሮ እወጣለሁ» አለች።

«ፍጥነት መለኪያ ሳይገጠምለት አይሆንም።»

«እሺ፣ ግጠምልኛ!»

«ቆይ እስቲ» አሉ። በዚህች ቃል ልጅቷ ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ እንድታረጅ ተፈረደባት።

ከባለሱቁ ለሙከራ ብለው ሦስት ዕቃ አመጡ። አንደኛው ብስክሌት ላይ የሚገጠም፣ የጎማ ዙር የሚቆጥር ነው። «ጎማው ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ቢሽከረከርስ ማንን ሊለካ ነው?» ሁለተኛው ክንድ ላይ የሚታሰር ጂፒኤስ። «ይሄ ሰማይ ጠይቆ እስኪመለስ ልጄ የት ደርሳለች?» ሦስተኛው ትራፊክ ፖሊስ መኪና ላይ የሚያነጣጥረው ዓይነት፣ ሽጉጥ የሚመስል ራዳር። «ቆሞ ለሚያየው ነው እንጂ ለሚነዳው ምን ይነግረዋል?» በመጨረሻ ሕግ አወጡ፤ ሦስቱ እስኪስማሙ ድረስ አንዱም አይገዛም። አንዱ ነጂ ጋሪውን ይዞ በወጣ ቁጥር ሦስቱ ሦስት ቁጥር ይናገራሉ። ባለሱቁ «መጡልህ» ሲሉት በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። እኔም ዓይንህ ደህና ነው ተብዬ ቁጥር አንባቢ ሆኜ ተሾምኩ፤ መነጽሩን የሠሩልኝ ራሳቸው ናቸው፣ ምን ብዬ እምቢ ልበል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አራታችን ሐይቁ ላይ ነበርን፤ እሳቸው፣ ልጃቸው፣ ባለቤታቸውና እኔ። ባለቤታቸው ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ወደዚያ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ በመጣንበት መኪና ደፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይቀዳሉ። ነፋስ የሚባል የለም። ሸራው ወርዷል፤ ጎማዎቹ እንዳይንቀሳቀሱ ከቤት ባመጣነው ጡብ ተደግፈዋል።

ክቡርነታቸው ራዳሩን ወደ ባዶው ነጭ ሜዳ አነጣጠሩ። «ምንም በሌለበት ዜሮ ማለቱን ላረጋግጥ።»

ዜሮ አላለም። አሥራ ሁለት አለ።

«ተበላሽቷል» አልኩ፣ ደስታዬን ሳልደብቅ። ቢያንስ አንዱ ተቀነሰልን።

«ቆይ እስቲ።»

ልጅቷ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠች ክንዷን አየች። «አባዬ፣ የኔም አሥራ ሁለት ይላል።»

ጎንበስ ብዬ ጋሪው ላይ የተገጠመውን አየሁ። ጎማው በጡቡ ተይዞ ቆሟል። ቁጥሩ ግን አሥራ ሁለት ነበር፤ እያየሁት ሃያ ሆነ። «ሃያ» አልኩ። «ሃያ» አሉ እሳቸው። «ሃያ» አለች ልጅቷ። ሠላሳ አምስት፣ ሃምሳ፣ ሦስታችን እንደ ተማሪ እኩል እንቆጥር ጀመር። ያኔ ነው ድምፁ የመጣው፤ ጎማ ደረቅ ጭቃ ሲፈጭ የሚያሰማው ድምፅ። በመካከላችን አልፎ ወደ ቦረቦሩ ሄደ። ሻይ ላይ የነበረው እንፋሎት እንኳ አልተነቃነቀም።

ሰባ አንድ ላይ ሲደርስ፣ ሳይቀንስ፣ ሳይዘገይ፣ ሦስቱም ባንዴ ዜሮ አሉ።

ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን የለመኑት ስምምነት ተሰጣቸው። ፊታቸው ግን አመድ መስሎ ነበር። እኔ መኪናው ውስጥ እንዴት እንደ ገባሁ አላውቅም፤ በሩን መቆለፌን ግን አስታውሳለሁ።

ባለቤታቸው ኩባያውን አስቀመጡ። ባላቸው የያዙትን ራዳር ቀና ብለው አላዩትም፤ ስንቆጥር ሰምተዋል። «ሰባ አንድ» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያው አልተሰቃየም።» ከዚያ አለቀሱ።

ሦስቱ ዕቃዎች በማግስቱ ለባለሱቁ ተመለሱ። የልጅቷም ነገር በዚሁ ያከተመ መስሎኝ፣ እውነቱን ለመናገር እፎይ ብዬ ነበር። ሰውየውን አላወቅኋቸውም። በሳምንቱ ነፋሱ ሲነሣ በራችንን አንኳኩተው «ና፣ አንድ ሰሌዳ አሸክመኝ» አሉኝ።

ሰሌዳው ላይ የክንድ ቁመት ያለው አንድ ጥቁር ፊደል ተጽፏል። በሰባ አንድ የሚሄድ ጋሪ ገመዱ ከተለቀቀ በኋላ ስንት ርቀት ተንከባሎ እንደሚቆም ነጂዎቹን ሲጠይቁ ሰንብተዋል። ከዚያ ርቀት የልጃቸው ዓይን የሚያነበውን የፊደል መጠን ደግሞ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። የትኛው ፊደል ይሁን ብለውም አላመነቱም፤ የልጃቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው የጻፉት።

ሐይቁ ስንደርስ ባለቤታቸው ቦረቦሩ አቅራቢያ ከቆመው መኪና ጋ ቀሩ። ክቡርነታቸውም ልጃቸውን «ጆሮሽን አትመኚ» አሏት። «የቆምሽ ቢመስልሽም አትመኚው። ፊደሉን ያነበብሽ ጊዜ ገመዱን ልቀቂ።»

«አቧራ ቢነሣስ?»

«እጮኻለሁ።»

ሰሌዳውን ብቻውን ቢተክሉት ነፋሱ ይጥለዋል። ስለዚህ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ፣ ገደሉን ለጀርባቸው ሰጥተው፣ ደረታቸው ላይ ደግፈው ቆሙ። ካላነበበች መጀመሪያ የምታገኘው እሳቸውን ነው። እኔም ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። ምን ልሁን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ግን እኚህን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ዓመት ሙሉ ያቃጠሉኝን ሰው እዚያ ብቻቸውን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ነው።

ልጅቷ ከነጩ ውስጥ ወጣች። መጀመሪያ ነጥብ ነበረች፣ ከዚያ ሸራ፣ ከዚያ የራስ ቁር። ክቡርነታቸው አልጮኹም፤ አልተነቃነቁም፤ ዓይናቸውን ግን ጨፍነዋል። «ለቀቀች?» አሉኝ። «አልለቀቀችም» አልኩ። «ለቀቀች?» አሉ ደግመው፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። ያኔ ሸራው ተርገበገበ፤ ጋሪው እየደከመ፣ እየደከመ መጥቶ ከእኛ ራቅ ብሎ ቆመ።

ሰሌዳውን ላወርድ ስል ሌላ ጎማ ሰማሁ። ከልጅቷ ኋላ ደረቁን ጭቃ እየፈጨ መጣ። በዚያች ሜዳ ላይ ከእሷ ጋሪ በቀር ምንም የለም። ድምፁ ግን እንደ በፊቱ እልም ብሎ አልጠፋም፤ ቀስ አለ፣ ተንከባለለ፣ አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ሸራ ሲረግብ ሰማን።

ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ደጅ አምሽቶ የገባ ዘመድ በሚያናግሩበት ድምፅ፣ «አንተም ገባህ? እሰይ» አሉ። «ሂድ፣ እህትህ መኪናው ጋ ናት።»

እኔም ሰሌዳውን እንደ ያዝኩ ወደ ጎን ብዬ መንገድ ለቀቅሁ።