ብርነሽን የገደልኳት እኔ ነኝ

እኔ በዚህ ዓለም ላይ ከአስተርጓሚ የበለጠ ሥልጣን ያለው ሰው አላየሁም። ንጉሥ ይናገር፣ ጳጳስ ይናገር፣ ሊቀ መንበር ይናገር፣ ሰው ጆሮ የሚገባው አስተርጓሚው ያለው ነው። ታዲያ ይህን የሚያህል ሥልጣን ለእኔ፣ ለሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ያውም ደባርቅ ለተመደብኩ የዳባት ልጅ በቀበሌ አዳራሽ ሲሰጠኝ ምን ያደረግሁበት ይመስላችኋል? ሰው ገደልኩበት። አትደንግጡ፣ ሟቿ ራሷ አልከሰሰችኝም።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር ጎረምሳውን ከየቤቱ የሚለቅምበት ጊዜ። ለቀበሌያችን አንድ ቴሌቪዥን መጣ። ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን ተሠራለትና ከመሪዎቹ ፎቶግራፍ ሥር ተቀመጠ። ቁልፉ ከካድሬያችን ከጓድ ደመላሽ አንገት አይወርድም። አንቴናው በረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ታስሮ ከጣሪያው ቆሟል፤ የስሜን ነፋስ ደግሞ ለአንቴና ርኅራኄ የለውም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ እንጨቱን ሲያዞር ማምሸት ነበረበት። ጎረምሳ የሚባል ስላልቀረ የሚወጡት ጋሽ ዓለሙ ነበሩ፤ የቀበሌው ጥበቃ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ። «ወደ ሊማሊሞ ያዙሩት! አሁን ወደ ዳባት ይመልሱት!» እየተባሉ ያዞራሉ፤ ከላይ ሆነው «አሁንስ ታየ?» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ወደ ዳባት ሲዞር ነው ደኅና የሚታየው። ይህን የምለው የተወለድኩበት አገር ስለሆነ አይደለም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውይይት፣ ቀጥሎ ዜና፣ መጨረሻ ላይ የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም። ሕዝቡ ፊልሙን ብሎ ይመጣና ውይይቱን እንደ ኮሶ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጠዋል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነውና አስተርጓሚ ተፈለገ፤ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። አልችልም እንዳልል የማስተምረው እሱን ነው! ግን በእናንተና በእኔ መካከል ይቅርና፣ እኔ ልቅም አድርጌ የማውቀው እንግሊዝኛ «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» የሚለውን ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ እስክሪብቶ የሚናገር አንድ ሰው የለም።

ፊልሙ የጭራቅ ፊልም ነው። ደም የሚመጥ፣ ከመቃብር የሚነሣ፣ ሰው መስሎ ሰው የሚበላ ፍጡር በየሳምንቱ አንድ ከተማ ያስጨንቃል። አንድ ጢሙን ያልተላጨ ሰውዬ ሊገድለው ይሞክራል፤ አንዳንዴ ይሆንለታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ራሱ ከመበላት ለትንሽ ይተርፋል። በሦስት በአራት ሳምንት አንዴ ታዲያ አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። አጭር ናት፣ የቆዳ ጃኬት ለብሳለች፣ ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ። ጭራቁን በአንድ ምት ትጥለውና እጇን ጠርጋ፣ አሮጌ መኪናዋን አስነሥታ ትሄዳለች። ስሟ ብሬንዳ ይሁን ብራንዳ ዛሬም አላጣራሁም፤ ደባርቅ ግን ብርነሽ አላት። በእኛ አገር አንድ ነብር የገደለ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ሲፎከርለት ይኖራል። ይህች ስንቱን ገድላ ዝም! ሴቶቹን የገዛቻቸው በዚህ ዝምታዋ ነው። ብቅ ስትል እልልታው ቆርቆሮውን ያነሣው ነበር፤ ጋሽ ዓለሙም ከላይ «ቀስ በሉ እናንተ!» ይላሉ።

ከሁሉ የወደዷት የቤት አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ጠላ ይነግዳሉ። አንድ ልጃቸው ሞላ ከገበያ ታፍሶ ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ዓመት። አንድ ቁስለኛ ወታደር በአምባ ጊዮርጊስ ሲያልፍ አግኝተውት «ሞላማ አልፏል» ብሏቸዋል። ቀበሌ ሄደው ቢጠይቁ ጓድ ደመላሽ መዝገቡን እንኳ ሳይገልጥ «ዝርዝር አልመጣም። ዝርዝር ካልመጣ የሞተ የለም። ያልተረጋገጠ ወሬ ማናፈስ ደግሞ ያስጠይቃል» አላቸው። እንግዲህ ምን ያድርጉ? ቢያለቅሱ አሉባልታ ነዙ ሊባል ነው። ባያለቅሱ ደግሞ እናት ናቸው። ጥቁር ነጠላቸውን ከሣጥን እያወጡ ያዩታል፣ አጥፈው ይመልሱታል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞቷል ወይም አለ ብሎ እውነቱን የሚነግራቸው ሰው።

ወደ ሥልጣኔ ልመለስ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ ጓድ ደመላሽ ጠራኝና ጭራቅ የሚባል ነገር በሳይንስ እንደሌለ፣ እኔም ሕዝቡን ወደ ኋላ ቀር እምነት እየጎተትኩ እንደሆነ አስረዳኝ። ታዲያ ምን ልበላቸው ብዬ ብጠይቀው «ደም መጣጭ ማነው? ፊውዳሉ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ተገላገልኩ! ከዚያ ወዲህ ደም የሚመጠው ሁሉ ባላባት ሆነ፤ ከመቃብር የሚነሣው አድኃሪ፣ ክንፍ ያለው ኢምፔሪያሊስት። አንድ ቀን ከአምባራስ ለገበያ የወረዱ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው ይህ ባላባት ፀሐይ ሲነካው ለምን እንደሚነድ ጠየቁኝ። «የመሬት አዋጁ ነው አባቴ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ለጎረቤታቸው «የእኛውማ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚውል» ሲሉ ሰማሁ። እሱን አልተረጎምኩትም።

ነገሩ የተበላሸው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር የሚመረጥ ዕለት ነው። ጓድ ደመላሽ ዕጩ ጠቁሙ ቢል፣ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ብርነሽ!» አለ። ሳቁ፣ ሆድ መያዙ፣ አይጣል ነው። ጓድ ደመላሽ ግን አልሳቀም። በማግሥቱ ቢሮው አስጠርቶኝ «ይህች ሴት ግለኛ ናት» አለኝ። «ያለ ድርጅት፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ ብቻዋን ሄዳ ትገድላለች። ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር ይለምዳል። መሞት አለባት።» ኧረ ጓድ፣ ፊልሙን የሠሩት ፈረንጆች ናቸው፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ ብዬ ብመልስለት ጠረጴዛውን በቡጢ መታና «የምትተረጉመው አንተ አይደለህም?» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሚቀጥለው ዘመቻ የመምህራን ስም ዝርዝር ሊጠየቅ እንደሚችል እንዲያው በጨዋታ መካከል ጣል አደረገልኝ። ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል። እኔም እናቴን አሰብኩ።

ዕድሌ ሆኖ በዚያው ቅዳሜ ጭራቁ ብርነሽን ትከሻዋ ላይ ነከሳት። በቃሬዛ አወጧትና አምቡላንስ ውስጥ ሲከቷት ወደ ጢማሙ ሰውዬ ዞራ አንድ ነገር አለችው። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «ደሜ ለጭቁኖች ፈሰሰ፤ አደራ፣ ትግሉን ቀጥሉ አለች። አሁን ነፍሷ ወጣች» ብዬ አወጅሁ። በዚህ ጊዜ ሟች አውራ ጣቷን አንሥታ ፈገግ አትልም መሰላችሁ? «የመጨረሻ ፈገግታዋ ነው» አልኩ፤ ምን ልበል!

ከዚያ እትዬ ጥሩወርቅ ተነሡ። ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና «ወየው! ወየው ልጄን!» አሉ። አጠገባቸው ያለችው ቀጠለች፣ ቀጥላ ያለችው ቀጠለች። በዚህ ሰዓት እኔ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገራችሁና ታዘቡኝ፤ «ለካ ትርጉም እችላለሁ!» እያልኩ ነበር።

ለቅሶው በእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ጓድ ደመላሽ ሊበትን ቢመጣ፣ ሴቶቹ ለጭቁኖች የሞተችን ሴት ማልቀስ በየትኛው አዋጅ እንደተከለከለ ጠየቁት። ራሱ ያዘዘው ነውና ተቀመጠ፣ ንፍሮ ሰጡት፣ ዘገነ። እኔ ደግሞ የበሬ ቁርበቴ ላይ ተቀምጬ ሙሾውን አዳምጣለሁ። ጉድ ነው! ብርነሽ አጭር ናት ብያችኋለሁ፤ በሙሾው ግን ቁመቷ ረዘመ፣ ጥርሷ ፍንጭት ሆነ፣ በሬ ጠምዳ አረሰች፣ ለእናቷ ውኃ ቀዳች። አንዷ ስታወርድ ጎፈሬ አበጠረች፣ ሌላዋ ስታወርድ ክራር መታች። የፊልሟን ሴት የስሜን ጎረምሳ አደረጓት ብዬ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።

የነፍስ አባታቸው ቄስ አዳነም መጡ። ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም አይሆንምና የሟችን ስም ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወለተ ማርያም ልበል፣ ወለተ ኪዳን እያልኩ ሳማርጥ እትዬ ጥሩወርቅ ቀርበው በጆሯቸው አንድ ነገር አሏቸው። ቄስ አዳነ መስቀላቸውን አነሡ። ከዚያ «ሌሎቻችሁም ስሙን በየልባችሁ ያዙት፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ጀመሩ። ስሙ ላይ ሲደርሱ «ገብረ» ሲሉ ሰማኋቸው። ገብረ የወንድ ነው፤ ለሴት ወለተ ነው የሚባለው። «አይ ቄስ አዳነ፣ አረጁ!» ብዬ አለፍኩት። የተማረ ሰው ሞኝ ሲሆን ወደር የለውም።

አርባዋ መሐል ሳምንት ቢውልም ተዝካሩ የተደረገው ቅዳሜ ነበር። ጠላው ተጠጥቶ፣ ድፎ ዳቤው ተቆርሶ፣ ተዝካር የበላው ሰው ከነጉርሻው ወደ አዳራሽ ገባ። ፊልሙ ተጀመረ፣ ጭራቁ መጣ፣ ጢማሙ ሰውዬ እንደ ልማዱ ሊበላ ሆነ። በሩ ተከፈተ። ማን ብትገባ ጥሩ ነው? የቆዳ ጃኬቷን ለብሳ፣ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ፣ ብርነሽ!

አዳራሹ ተናወጠ። ጓድ ደመላሽ ጎኔን በክርኑ ወግቶ «እህቷ ናት በል!» አለኝ። እህቷ ናት አልኩ። ጠባሳውስ አሉኝ። «የቤተሰብ ነው» አልኩ። ያን ጊዜ የተነሣው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ አልሳቁም፤ እያዩኝ ነበር።

በማግሥቱ ገንቦ ሲያጥኑ አገኘኋቸውና አንገቴን ደፍቼ ተናዘዝኩ። ብርነሽን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ታዝዤ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እጃቸውን እንኳ ከሥራቸው አላነሡም። «እሱንማ ያን ዕለቱን ነው ያወቅሁት፤ የምትሞት ሴት አውራ ጣቷን ታነሣለች?» አሉኝ። «ያለቀስኩት ለሷ መሰለህ? እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ ለሷ ያለቀሰች ነበረች?» ቁመቱ፣ ጎፈሬው፣ በሬው፣ የቄስ አዳነ «ገብረ» ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ደረቴ ላይ ወደቀ። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እሳቸው ገንቦውን ገልብጠው አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ። «ታዞ የሚገድል ሰው እንዳለ አየሁ። እንግዲህ የሞተውን ታዞ ሕያው ነው የሚልም አለ ማለት ነው፣ አይደል ልጄ?» አሉኝ። ዝርዝር አልመጣም አልላቸው ነገር!

በቀጣዩ ቅዳሜ ውይይቱ አለቀና ዜናው ተጀመረ። ዜና በአማርኛ ስለሆነ እኔ ያን ጊዜ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥበት ሰዓት ነው። ዜና አንባቢው ጀግናው ሠራዊታችን ጠላትን እንደደመሰሰ፣ በወገን በኩል አንድም ሰው እንዳልተጎዳ አበሠረን። ጓድ ደመላሽ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። ጭብጨባው ሲያባራ ከሴቶቹ መካከል እትዬ ጥሩወርቅ ተነሡ። ጥቁሩን ነጠላ ለብሰዋል። ጥያቄ አለኝ አሉ። ጓድ ደመላሽ ዜና ላይ ጥያቄ የለም ሊል አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

«ፊልሙን የሚተረጉምልን መምህሩ ነው፤ ደኅና። ይሄኛውንስ የሚተረጉመው ማነው?»

ጓድ ደመላሽ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከጣሪያው ላይ፣ ምንም ያልሰሙት ጋሽ ዓለሙ፣ አንቴናውን እንዳቀፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሁንስ ታየ?» አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው «ታየ፣ ጋሽ ዓለሙ» አሏቸው፤ «ይውረዱ፣ ብርድ ነው።»